በሩ ላይ የሚከፈል ዳኝነት ማንን ያስቀራል?

ክስ ለመመሥረት ገንዘብ መክፈል ለምን ያስፈልጋል ተብሎ ሲጠየቅ ከዳኛውም፣ ከጠበቃውም፣ ከባለጉዳዩም አፍ የሚወጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ መንግሥት ለፍርድ ቤት የሚያወጣውን ወጪ አገልግሎቱን የሚፈልገው ሰውም ይጋራ የሚል ነው። በዚህ ብዙ ጠብ የለም። ሁለተኛው ግን፣ ክፍያ ካልኖረ ነገረኛ ሁሉ እየተነሳ ጎረቤቱን ፍርድ ቤት ያመላልሳል፤ ዳኞችም በረባ ባልረባው ክስ ተጠምደው እውነተኛው ተበዳይ ቀጠሮ ይናፍቃል የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው መልስ እንደ ታወቀ እውነት ተቆጥሮ ከመደጋገሙ የተነሳ በእርግጥ እንዲያ ይሠራ እንደሆነ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። ክፍያው አንዳንድ ሰዎችን ያስቀራል፤ ይህ አያከራክርም። ማንን ነው የሚያስቀረው? ነገረኛውን ወይስ ድሃውን?

ጥያቄውን በአንድ ጎዳና ላይ ቆሞ መመልከት ይቻላል። የአዲስ አበባው ቸርችል ጎዳና ከላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነስቶ በቴዎድሮስ አደባባይ፣ በፖስታ ቤትና በብሔራዊ ቴአትር በኩል ቁልቁል ወደ ለገሃር ይወርዳል። ከራሱ ላይ ያለችው ፒያሳ ከከተማው አሮጌ ሰፈሮች አንዷ ናት። ቤቶቿ በውርስ ተላልፈዋል፣ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ተወርሰዋል፣ ለቀበሌ ኪራይ ተሰጥተዋል፣ በወንድማማቾች መካከል ተከፋፍለዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ብዙዎቹ ለልማት ፈርሰዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰፈር ክስ አያጣም። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አራዳ ምድብ ችሎትም ያለው በዚሁ አካባቢ ነው። ወርቅ ቤቶቹና ሱቆቹ ከግብር ጋር ክርክር አላቸው። ከጎዳናው ግርጌ ባለው ስታዲየም ደግሞ ሌላ ዓይነት ክስ፣ የክለቦች ክስ፣ ሲያወዛግብ ኖሯል። ሁሉም ዘንድ ቅሬታ ለማሰማት የሚከፈል ዋጋ አለ። የዋጋው አከፋፈል ግን በየቦታው ይለያያል፤ ልዩነቱም ብዙ ነገር ይነግረናል።

በቅድሚያ ወደ ኋላ ሄድ እንበል። አገራችን ሙግትን በገንዘብ መግራት የጀመረችው ዘመናዊ ሕግ ሲመጣ አይደለም። በበላ ልበልሃ ዘመን ተሟጋቾቹ ነጠላ በነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቆሙ ነበር። ዳኛው ሹም ሊሆን ይችላል፤ በመንገድ የሚያልፍ ጨዋ ሰው ተለምኖ የሚቀመጥበት ጊዜም ነበር። ክርክሩ ሲጦፍ አንዱ ወገን ነገሩን በውርርድ ያስራል፦ ብረታ ማር፣ ብረታ ሙክት፣ ብረታ በቅሎ፣ ብረታ ፈረስ ይላል። ሌላው በነገሩ ከተማመነ ይቀበላል፤ ካመነታ ሕዝቡም ዳኛውም ማመንታቱን ያዩበታል። ውርርድ ያለ ዋስ አይጸናም። የተረታው የተወራረደበትን ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ለዳኛው ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገር ጎልቶ ይታየኛል። አንዱ ጉድለቱ ነው። ዳኛው ከውርርዱ ተጠቃሚ ስለሆነ ሙግት እንዲበዛና ውርርዱ እንዲከብር የሚፈልግበት ምክንያት ነበረው። ዋስ የሌለው ድሃም ወደ ውርርዱ መግባት አይችልም፤ ዕዳ የባሰበት ሰው ደግሞ ከባለጋራው ጋር በቁራኛ ታስሮ ይውላል። ሌላው ግን ጥበቡ ነው። ክፍያው የተጣለው መግቢያው ላይ ሳይሆን ውጤቱ ላይ ነበር። ሰው አቤት ለማለት አይከፍልም፤ የሚከፍለው በሐሰት ወይም በድፍረት አቤት ብሎ ሲረታ ነው። ውርርዱ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ይይዛል። ያለ እውነት የከሰሰም ያለ እውነት የካደም እኩል ይሰጋል። ይህን ሁለተኛ ነጥብ እንያዘው፤ በኋላ ያስፈልገናል።

የዙፋን ችሎቱ ዘመን፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር መሆናቸው፣ ከዚያም ጠላት ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ ማዋቀሩ የታወቀ ታሪክ ነው። በዚያው ዘመን የመጡት አጥቢያ ዳኞች እስከ 25 ብር የሚደርስ የገንዘብ ክርክር በየሰፈሩ ያዩ ነበር። ለእኛ ጉዳይ ወሳኙ ዓመት 1945 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የዳኝነት ክፍያ ደንብ ቁጥር 177 ለ70 ዓመታት ያህል የፍርድ ቤቶቻችን የክፍያ መሠረት ሆኖ ቆይቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ክሱ በገንዘብ የሚገመት ከሆነ ክፍያው ከግምቱ ጋር ከፍ ይላል፤ በገንዘብ የማይገመት ከሆነ ቁርጥ ያለ አነስተኛ ሒሳብ ይከፈላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በቁጥር 215 ይህ ካልተከፈለ ክሱ መዝገብ አይከፈትለትም አለ። በዚህ መንገድ ክፍያው ከሙግቱ መጨረሻ ተነስቶ መጀመሪያው ላይ ተቀመጠ፤ ሁለቱንም ወገን ይይዝ የነበረው ሸክምም ወደ ከሳሹ ብቻ ዞረ። ለውጡ ትልቅ ነበር፤ ትልቅነቱ ግን ብዙም አልተወራበትም።

በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ከማዘጋጃ ቤቱ ዝቅ ብሎ ወይም በችሎቱ ዙሪያ ካሉት ጠባብ የጽሕፈት ቤቶች አንዱ ውስጥ ትንሽ መቀመጥ ይበቃል። ድሮ ራፖር ጸሐፊው ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፍ ነበር፤ ዛሬ ኮምፒውተርና ፕሪንተር አለው፤ ቅርጹ ግን ያው ነው። ከላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ ቀጥሎ ከሳሽና ተከሳሽ ከነአድራሻቸው፣ ከዚያ የነገሩ ዝርዝር በተራ ቁጥር፣ ከዚያ የሚጠየቀው ዳኝነት። ከታች የማስረጃ ዝርዝር በቁጥር 223 መሠረት ይያያዛል። የመጨረሻዋ መስመር የታወቀች ናት፦ ያቀረብኩት ክስ እውነት መሆኑን በቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ። ባለጉዳይዋ ያቺን መስመር ሳታነብ ትፈርማለች። እጇ የሚቆመው የክሱ ግምት የሚጻፍበት ቦታ ሲደረስ ነው። ጸሐፊው ስንት ልበል ይላታል። የምትጠይቀው ስንት እንደሆነ ታውቃለች፤ የማታውቀው ያንን ያህል ከጠየቀች ሬጅስትራሩ ስንት ክፈይ እንደሚላት ነው። ሒሳቡ ሲነገራት ብዙ ጊዜ ግምቱ ይቀነሳል፤ ሦስት ልጆች ያሏት ሴት ከሚገባት ድርሻ ላይ ገና ክርክሩ ሳይጀመር ራሷ ትቆርጣለች። ነገረኛው ቢሆን ምን ያደርጋል? ብሩ ካለው ይከፍላል። የሚፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ባለጋራውን ማመላለስ ከሆነ ደግሞ በገንዘብ የማይገመት አቤቱታ ያቀርባል፤ ይሰረዝልኝ፣ ሁከት ይወገድልኝ፣ ይታገድልኝ ይላል። በ1945ቱ ደንብ ለዚህ ይከፈል የነበረው ቁርጥ ሒሳብ ከጊዜ ጋር ዋጋው አልቆ ከታክሲ ሒሳብ ብዙም አይሻልም ነበር።

የደንቡን ውስጠ ነገር እዚህ ላይ ማየት ይቻላል። በመቶኛ የሚሰላው ክፍያ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ ይወጣል። በ1945 ዓ.ም. በትንሽ ብር ይገመት የነበረ የፒያሳ ቤት ዛሬ ሚሊዮኖች ያወጣል፤ ቤቱን በውርስ ይገባኛል የምትል ሴት ቤቱ ውድ ስለሆነ ብቻ ብዙ ክፈይ ትባላለች። እጇ ላይ ግን ገንዘብ የለም፤ ያላት ክርክሩ ነው። ቁርጥ ሒሳቡ በአንጻሩ ባለበት ቀርቶ የማይሰማ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ከባዱ ክፍያ የወደቀው እውነተኛ ጥቅም የሚጠየቅባቸው ክሶች ላይ ሲሆን ለማጉላላት የሚመቹት ክሶች ደግሞ ርካሽ ሆኑ። ማንም አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፤ ዓመታት አልፈውበት የሆነ ነው። የሆነው ግን ክፍያው ከቆመለት ዓላማ ተቃራኒ ነው።

ድሃ እንዳይቀር ሕጉ በር አላበጀም ማለት ግን ስሕተት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 እስከ 479 በደሃ ደንብ ስለ መክሰስ ይደነግጋል። የዳኝነቱን ክፍያ በሙሉ ወይም በከፊል ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው ንብረቱን ዘርዝሮ፣ በቃለ መሐላ አስደግፎ ያለ ክፍያ እንዲከስ ይጠይቃል። ቢረታ ክፍያው ከተረታው ላይ ይወሰዳል። ሐሳቡ በ1908 እ.ኤ.አ. ከወጣው የሕንድ የሥነ ሥርዓት ሕግ ጋር ይቀራረባል፤ ሕጋችን ከዚያ ብዙ ወስዷልና። በወረቀት ላይ የተሟላ ነው። ችግሩ ያለው ደሃ መሆንን ማስረዳት ራሱ አንድ ክርክር መሆኑ ላይ ነው። ከወረዳ የድህነት ማስረጃ ይቀርባል፤ ምስክር ይቆጠራል፤ ተከሳሹ ይህች ሴት ደሃ አይደለችም፣ እህቷ ውጭ አገር ናት፣ ቤት አላት ብሎ ይቃወማል፤ ቀጠሮ ይሰጣል። ዋናው ነገር ገና ሳይነካ ወራት ያልፋሉ። በቀን ሥራ የሚኖር ሰው ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የአንድ ቀን እንጀራውን ያጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ለሁሉም የሰጠው ፍትሕ የማግኘት መብት በተግባር የሚለካው እዚህ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ሌላ መንገድ መርጧል። የሥራ ክርክር ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ከሥራ የተባረረ ሰው ደመወዙን ለመጠየቅ መጀመሪያ ከየት አምጥቶ ይክፈል? ክፍያው ቢቀር ፍርድ ቤቶች በነገረኛ ይጥለቀለቃሉ የሚል ሰው ይህንን ምሳሌ ማየት አለበት። ሠራተኛ ሁሉ አሠሪውን እየከሰሰ አልዋለም፤ ከሙግት የሚያግደው ሌላ ብዙ ነገር አለ፦ ጊዜው፣ ድካሙ፣ ስሙ፣ ነገ ሌላ ቦታ ሥራ ሲፈልግ የሚባለው። ሰው ፍርድ ቤት የሚሄደው ርካሽ ስለሆነ አይደለም።

ወደ ነጋዴው ስንመጣ ክፍያው ስሙን ይቀይራል፤ ክብደቱም ይብሳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ግብር ከፋዩ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን አቤት ለማለት ከሚከራከርበት ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ እንዲከፍል አዘዘ። አስተሳሰቡ ይገባል፤ ግብርን ለማዘግየት ብቻ ይግባኝ የሚል ነጋዴ አለ፣ መንግሥትም ገቢውን ይፈልጋል። ነገር ግን ግምቱ በጣም የተጋነነበትን ሰው ያስቡ። የተጣለበት ግብር የተሳሳተው በዐሥር እጥፍ ከሆነ ግማሹ ራሱ ከእውነተኛ ዕዳው አምስት እጥፍ ነው። ስሕተቱ በገፋ ቁጥር በሩ ይጠባል። ጣሊያን ይህንኑ ነገር፣ መጀመሪያ ክፈል ከዚያ ተከራከር የሚለውን የቆየ ሕጓን፣ በ1961 እ.ኤ.አ. የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ ውድቅ አድርጎታል። ያለውና የሌለው ፍርድ ቤት ፊት እኩል አይሆኑም የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ። በእኛ ዘንድ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል የነበረበት ዘመን አልፏል፤ መንግሥት ይከሰሳል። ግማሹን ከፍለህ ክሰሰኝ ሲል ግን ከዚያ ዘመን ምን ያህል እንደራቅን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ክፍያ ነገረኛን ያስቀራል ወይስ ድሃን የሚለውን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ጥሩ ዕድል የሰጠችው እንግሊዝ ናት። ከሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት በሥራ ክርክር ጉባኤዎች ላይ ክፍያ ጣለ፤ ለቀላሉ ክስ በድምሩ 390 ፓውንድ፣ ለከባዱ 1,200 ፓውንድ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ መሠረተ ቢስ ክሶችን መቀነስ ነበር። ክሶች በእርግጥ ቀነሱ፤ በሁለት ሦስተኛ ገደማ ወረዱ። ዩኒሰን የተባለው የሠራተኞች ማኅበር ጉዳዩን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ፍርድ ቤቱም በሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ክፍያው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሻረው። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ከፍርዱ ውስጥ ያለ አንድ መረጃ ነው። ክፍያው ነገረኛውን ብቻ አስቀርቶ ቢሆን ኖሮ ከቀሩት ክሶች መካከል የሚረቱት በመቶኛ መጨመር ነበረባቸው፤ ገለባው ተበጥሮ ፍሬው ቀርቷልና። የሆነው ግን ይህ አይደለም። የሚረቱ ክሶች ድርሻ አልጨመረም፤ እንዲያውም ዝቅ አለ። ክፍያው እውነት ያለውንና የሌለውን ሳይለይ ነበር ያስቀረው፤ በተለይ ደግሞ ትንሽ ገንዘብ የሚጠይቁትን። 500 ፓውንድ ያልተከፈለ ደመወዝ ለማስመለስ 390 ፓውንድ የሚያወጣ ሰው የለም፤ እውነቱ ምንም ያህል ቢጠራ። እዚህ አገር ለክፍያ የሚከራከር ሰው ለዚህ ማስረጃ መልስ ሊኖረው ይገባል።

አሜሪካ ሌላ ነገር ታስተምራለች። በፌዴራል ፍርድ ቤቶቿ ክስ ለመክፈት የሚከፈለው ቁርጥ 405 ዶላር ነው፤ የተጠየቀው ሺህም ይሁን ሚሊዮን። የተረታ ወገን የባለጋራውን የጠበቃ ወጪ የመክፈል ግዴታ በመሠረቱ የለበትም። መግቢያው ርካሽ፣ መውጫውም ነጻ ከሆነ ነገረኛ መብዛቱ አይቀርም። በ1996 እ.ኤ.አ. ስለ እስረኞች ክስ የወጣው ሕጋቸው ግን አንድ ብልሃት አለው፦ ሦስት ጊዜ መሠረተ ቢስ ክስ አቅርቦ ውድቅ የተደረገበት እስረኛ፣ ለአካሉ የሚያሰጋ ነገር ካልገጠመው በቀር፣ ከዚያ ወዲያ ክፍያውን አስቀድሞ ሳይከፍል መክሰስ አይችልም። እንግሊዝም ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልማደኛ ሙግተኛን በስሙ የምታግድበት ሕግ አላት። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነው። ሸክሙ የሚወድቀው በር ላይ በቆመ ሰው ሁሉ ላይ ሳይሆን በተግባሩ ነገረኛነቱን ባስመሰከረው ሰው ላይ ነው።

የስፖርቱ ዓለም ይህንን ቀደም ብሎ የተረዳው ይመስለኛል። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ የውድድር ውጤትን በመቃወም ወደ ዳኞች ጉባኤ ይግባኝ የሚል ቡድን 100 ዶላር ያስይዛል፤ ከረታ ይመለስለታል፣ ካልረታ ይቀርበታል። ሯጮቻችን በሚሳተፉባቸው ዓለም አቀፍ ውድድሮች ይህ ደንብ አለ። በሎዛን ያለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት መዝገብ ለመክፈት 1,000 የስዊስ ፍራንክ ይወስዳል። በእግር ኳሳችንም የተገቢነት ክስ የሚያስመዘግብ ክለብ ገንዘብ ማስያዝ የተለመደ ነው። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አራዳ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስና ተቀናቃኞቹ የሚጫወቱበት ሊግ እያንዳንዱ ሽንፈት በክስ የሚከተል ቢሆን ዋንጫው በሜዳ ሳይሆን በጽሕፈት ቤት ይወሰን ነበር። ማስያዣው የሚሠራው በሁለት ምክንያት ነው። ክለቦች ገንዘቡን ለማስያዝ አቅም አላቸው፤ ስለዚህ ድሃ አይቀርም። ገንዘቡም የሚቀረው ክሱ ሲወድቅ ብቻ ነው። ያንኑ ማስያዣ በአቅም በማይመጣጠኑ ሰዎች መካከል፣ ለምሳሌ በአከራይና በተከራይ መካከል ብንተክለው ውጤቱ ሌላ ይሆናል። ከስፖርቱ መውሰድ ያለብን ማስያዣውን ሳይሆን ሸክሙ በውጤቱ ላይ መንጠልጠሉን ነው።

ይህንን የፒያሳ ወጣት ሁሉ ያውቀዋል። ፑል ቤት ገብቶ ለመጫወት በር ላይ የሚከፈል ነገር የለም፤ የጠረጴዛውን ሒሳብ የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። ስለዚህ ጨዋታ የማይችል ሰው ዝም ብሎ ሻምፒዮኑን አይገጥምም፤ የሚችል ደግሞ ኪሱ ባዶ ቢሆን እንኳ ይደፍራል።

ሕጋችን ይህ ሐሳብ አልጠፋውም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 462 ጀምሮ ስለ ወጪና ኪሳራ ይናገራል። ፍርድ ቤቱ ማን ይክፈል የሚለውን ይወስናል፤ የረታው ወገን የወጪውን ዝርዝር ያቀርባል፤ የዳኝነት ክፍያው፣ የጠበቃው አበል፣ የምስክሩ ወጪ ተቆጥሮ ከተረታው ላይ ይወሰዳል። ነገረኛን ለማስቀረት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ከአባቶቻችን ውርርድም ይሻላል፤ ገንዘቡ የሚሄደው ለዳኛው ሳይሆን ለተጉላላው ሰው ነውና። ነገር ግን የፍርድ ግልባጮችን መጨረሻ ገልጦ ያነበበ ሰው አንዲትን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ያገኛታል፦ ወጪና ኪሳራን በተመለከተ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ። ሁለቱም ወገን በከፊል እውነት ባላቸው ጊዜ ይህ ትክክል ነው። ከሳሹ ምንም ማስረጃ ሳይኖረው ሰው ሁለት ዓመት ሲያመላልስ ኖሮ ከተረታ በኋላ ግን የየራሳችሁን ቻሉ ማለት የተከሳሹን ሁለት ዓመት ከከሳሹ ድፍረት ጋር እኩል ማድረግ ነው። ዳኞች እንዲህ የሚያደርጉት ተሟጋቾቹ ወደ ፊት እንዲታረቁ፣ ቂም እንዳይከር አስበው ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ባህል የተረታን ሰው ድጋሚ መምታት አይወደድም። እኔ ግን ደግነቱ የተሳሳተ ቦታ ላይ የዋለ ይመስለኛል። ደግነቱ መግቢያው ላይ ለተቸገረው ቢውል፣ ጥብቅነቱ ደግሞ መውጫው ላይ ላጉላላው ቢውል ይሻል ነበር። ጠበቆችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ዝርዝር የማቅረብ መብት ሲጠበቅላቸው እንኳ ደንበኛው ደክሞታል፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው እያሉ የሚተዉት ብዙዎች ናቸው።

ከዚህም የሚብስ አንድ ክፍተት አለ፤ ስለ መሠረተ ቢስ ክስ ስንናገር ሁልጊዜ የምናስበው ከሳሹን ነው። መሠረተ ቢስ መልስስ? ብር ተበድሮ ደረሰኝ ሰጥቶ፣ አልተበደርኩም የሚል ተከሳሽ ለመካድ ምንም አይከፍልም። መጥሪያ አልደረሰኝም ይላል፤ መቃወሚያ ያቀርባል፤ ምስክሬ ታሟል ብሎ ቀጠሮ ያስለውጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1751 ለዘገየ ዕዳ የሚታሰበውን ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ አድርጎታል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ አንድ ዓመት ክርክሩን ያጓተተ ባለዕዳ ወለዱን ሁሉ ከፍሎ እንኳ የከፈለው ገንዘብ ከተበደረው ያነሰ ዋጋ ነበረው። ማጓተት ያተርፋል ማለት ነው። ከሳሹ ግን ያንን ሁሉ ጊዜ የዳኝነት ክፍያውን ከኪሱ አውጥቶ ይጠብቃል። ውርርዱ ሁለቱን ወገን ይይዝ ነበር ያልኩት ለዚህ ነው። የዛሬው ክፍያ ግማሹን ነገረኛ፣ ካጁን፣ ጨርሶ አይነካውም።

የውጭ ነዋሪውን የሚመለከት አንድ ነገር በአጭሩ ላንሳ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 200 ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖርና እዚህ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሌለው ከሳሽ ለተከሳሹ ወጪ ዋስትና እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱ ማዘዝ የሚችልበት ነው። ዋሽንግተን ተቀምጦ የአባቱን የፒያሳ ቤት በወኪል የሚከራከር ሰው ቢረታና ወጪውን ሳይከፍል ቢቀር ማን ያገኘዋል? ይህ ትክክለኛ ሥጋት ነው፤ ሕጉም ሸክሙን ለሥጋቱ ልክ አድርጎታል። የታለመ ነው፤ ሁሉንም አይመታም።

ያለ ገንዘብም ማጣራት ይቻላል። ቁጥር 231 የክስ ምክንያት የሌለውን አቤቱታ ተከሳሹ ሳይጠራ መመለስ ያስችላል። ቁጥር 337 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መልስ ሰጪውን ሳያስቸግር ይግባኙን እንዲዘጋ ይፈቅዳል። በሰበር ደግሞ ሦስት ዳኞች አስቀድመው ያጣራሉ፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበት ብቻ ወደ አምስቱ ያልፋል። ይህ ሁሉ የሚያጣራው በኪስ ሳይሆን በነገሩ ነው። ዳኛው መዝገቡን በመጀመሪያው ቀን ማንበብ አለበት፤ ይህ ደግሞ ጊዜና በቂ ዳኛ ይፈልጋል። ክፍያን የሚያስመርጠውም እዚህ ላይ ነው፤ ሬጅስትራሩ ደረሰኝ ለመቁረጥ ነገሩን ማንበብ አይጠበቅበትም።

ታሪፍ ሲከለስ መጀመሪያ የሚነሳው ስንት እንጨምር የሚለው ነው፤ ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ ብር ከወረደው አንጻር ጥያቄው ይገባል። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ እላለሁ። በቅድሚያ በደሃ ደንብ የሚቀርበው ጥያቄ በአንድ ቀጠሮ የሚወሰንበት መንገድ ይበጅ፤ የመኖሪያ ቤት ድርሻ የሚጠይቅ ወራሽም ክፍያው ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲከፋፈል እንዲታሰብለት ይደረግ። ቀጥሎ ወጪና ኪሳራ ከልማድ ወጥቶ ደንብ ይኑረው፦ ያለ ማስረጃ የከሰሰ፣ ደረሰኝ እያለበት የካደ፣ ቀጠሮ ያጓተተ ሰው የባለጋራውን እውነተኛ ወጪ ይክፈል፤ ዳኛው የየራሳችሁን ቻሉ ሲል ምክንያቱን ይጻፍ። ቁርጥ ሒሳቡ ከፍ ማለት ካለበት ከዚህ በኋላ ይሁን። ዛሬውኑ ያለ አዋጅና ያለ ደንብ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገርም አለ። ክስና መልስ የሚጽፉት ሁሉ፣ ጠበቃም ይሁን የቸርችል ጎዳናው ጸሐፊ፣ ከቁጥር 92ቷ መስመር ሥር አንዲት መስመር ይጨምሩ፦ ብረታ የተቃራኒ ወገኔን ወጪና ኪሳራ ልከፍል እንደምችል ተነግሮኛል። ከሳሽም ተከሳሽም ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብለት።